የጓድ ጀላል ሱሪ

ወንድሜ ኑርሁሴን ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊ ሆኖ ደግሞ አይጥ ያሳድግ ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሳቄን ያቆምኩት ጀላል ስፌት ቤታችን የገባ ቀን ነው።

አይጦቹን ያመጣቻቸው የኑርሁሴን ሚስት መርየም ናት፤ አላህ ይዘንላት። ኮምቦልቻ ውስጥ መድኃኒት የሚሞከርባቸው ነጫጭ አይጦች የሚረቡበት አንድ ላቦራቶሪ ነበረ፤ እሷ እዚያ በጽዳት ትሠራ ነበር። ቤቱ ሊዘጋ ሆነና የተረፉት አይጦች ይገደሉ ተባለ። መርየም አንጀቷ አልችል አለ። ሁለቱን፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ከታ፣ በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ይዛቸው መጣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «ልጄ፣ ቅርጫትሽ አስነጠሰ» እንዳሏት ስትነግረን በሳቅ ፍርስ ትል ነበር።

ኑርሁሴን ስም ሲያወጣም ከጨርቅ አላለፈም። ድፍን ነጯን በፍታ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ የምታደላዋን ደግሞ አቡጀዲ አላቸው።

ዓመት ሳይሞላ መርየም በወሊድ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «ኑሬ፣ ደሴ ይበርዳቸዋል፤ ጥጥ አልብሳቸው፣ አደራ» ያለችው የመጨረሻ ቃሏ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ስለ አይጦቹ ማንም ክፉ ቃል ሊናገረው አይችልም። የሙት አደራ ናቸው።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ጣይባ እባላለሁ። ብቻውን ቢሆን ምግብ እንኳ አይበላም ብዬ ከኩታበር መጥቼ አብሬው መኖር ጀመርኩ። አይጦቹን ግን ጠላኋቸው፣ አልዋሽም። ዓይናቸው ቀይ ነው። ጎረቤቱ «ጅኒ ያሳድራሉ» ይለናል። ሸሁ ራሳቸው «አይጥ በሐረም ምድር እንኳ የምትገደል ናት» ብለው መክረውታል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ፣ ቤት ገብቶ ሰሊጥ አበላቸው። የደንበኛ ኮት እጅጌ በልተው ያዋረዱን ጊዜ አለ። ሽንታቸው ይከረፋል፤ ጭድና ቁርጥራጭ ጨርቃቸውን በየቀኑ ካልቀየሩላቸው ቤት አያስገባም። ጥርሳቸው ሁልጊዜ ስለሚያድግ የሚያኝኩት ይፈልጋሉ፤ ክር ያለቀበትን የእንጨት ማጠንጠኛ ሁሉ ለእነሱ እናስቀምጣለን። የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው ሲወርድ ደግሞ የቆላ ልጆች ናቸውና ያስነጥሳቸዋል፣ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ያኔ ኑርሁሴን በሰደርያው ኪስ ከቷቸው ሲሰፋ ይውላል።

ታዲያ ቀስ በቀስ ልቤን ወሰዱት። ጠዋት ጠዋት በኋላ እግሯ ቁጭ ብላ በፍታ ፊቷን ስትታጠብ ዉዱእ የምታደርግ ትመስለኝ ነበር። አቡጀዲ የስፌት መኪናው ፔዳል ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ተኝታ ታዳምጣለች። መርየም ያስተማረቻቸው ጨዋታም ነበረ፤ የኑርሁሴን ሱሪ ከታች በኩል ወደ ውጭ የታጠፈ ነው፣ እሷ በእጥፋቱ ውስጥ የተቆላ ሰሊጥ ትበትንበታለች፤ አይጦቹ ሽተው ይመጣሉ፣ እጥፋቱን ፈትሸው በልተው ሲጨርሱ በእግሩ ላይ ወጥተው ኪሱን ይፈትሻሉ። እሱ ምላሱን ከላንቃው አጋጭቶ ጧ ጧ ሲያደርግ ደግሞ ከየትም ቢሆኑ ሮጠው ወደ እጁ ይመጣሉ። የሰው እጅ ክፉ እንደሚሠራ አያውቁም ነበር፤ ማንም ክፉ ሠርቶባቸው አያውቅማ።

ጊዜው የደርግ ነው። ከዘመቻ ላይ ዘመቻ ይታወጃል። አንድ ቀን በቀበሌያችን የአይጥ ማጥፋት ዘመቻ ታወጀ። «አይጥ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው» ተባለ። የአይጥ ጅራት ያላስረከበ ቤተሰብ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይወስድም። ሰዉ መላ አያጣም፤ ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ማርያም ወጥመዷ የያዘውን አይጥ ጅራቱን ትቆርጥና ትለቀዋለች። «ይዋለድልኝ እንጂ፣ የሚመጣውን ወር ስኳር በምን ልወስድ ነው?» ትላለች። ጅራት የሌለው አይጥ በየጓዳው ይሮጥ ጀመር። እኛ ስኳር ቀረብን፤ ሻዩንም በጨው ጠጣን።

ይህን ዘመቻ ያወጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ጀላል ነው። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሐረጎ ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወሽቅ እናውቀዋለን፤ ሥራው አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ያመጣው ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» ስንለው ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣብናል።

አንድ ረፋድ ላይ ካኪ ጨርቅ ይዞ መጣ። ቀበሌው ከአይጥ የጸዳበት በዓል ሊከበር ነው፣ ከአውራጃው እንግዶች ይመጣሉ፣ እሱ አዲስ ሱሪ ሊለብስ ነው።

«ከታች በሰፊው ታጥፍልኛለህ፤ አዲስ አበባ እንደሱ ነው የሚለበሰው» አለ።

ኑርሁሴን ተንበርክኮ ቁመቱን ሲለካው በፍታ ከሰደርያው ኪስ ብቅ አለች። ወደ ጠረጴዛው ተሻገረች፣ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ሄዳ የጀላልን እጅ አሸተተች። ጀላል ደንግጦ ጮኸ። ቀጥሎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስክሞት አልረሳትም።

«ጓድ ኑርሁሴን፣ ለካ ጅራት ያላመጣኸው ጠላት እየቀለብክ ኖሯል!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመርየም ናት» አለ ወንድሜ፣ እንደተንበረከከ። «የሙት አደራ ናት። ለአላህ ብለው ይተዉልኝ።»

«አብዮቱ አደራ አያውቅም።»

በጅራቷ አንጠልጥሎ ከበሩ መቃን ጋር አጋጫት። አንዴ በቃ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የወንድሜን የራሱን መቀስ አንሥቶ ጅራቷን ቆረጠና በመሐረብ ጠቀለለው። «ነጭ ጅራት! መድረክ ላይ ታምራለች» አለ። ይህ ሁሉ ሳያንስ ተመልሶ መጥቶ እጁን ከፍ አድርጎ ቆመ። «ቀጥል እንጂ፣ ወገቤን አልለካኸኝም።»

ወንድሜ ወገቡን ለካው። እኔ በጓዳው በር ቆሜ አያለሁ፤ የዚያን ቀን አንድ ነገር በእጄ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን የምናገረው ከወህኒ ቤት ነበር።

አቡጀዲ ጥጧ ውስጥ ተኝታ ስለነበር አላያትም። ጀላል ሲወጣ ጨርቁን በከሰል ካውያ እንዲያቃጥለው ወንድሜን ለመንኩት። እሱ ግን በፍታን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራት። ተመልሶ እጁን ታጠበ፣ መኪናው ፊት ቁጭ አለና «እታለም፣ ሰሊጥ ቁይልኝ» አለኝ።

ፊቱን አየሁትና ገባኝ። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ የተነሣ ሰሊጡን ሳላሳርር በመቁላቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እንደዚያ ሱሪ አሳምሮ የሰፋው ልብስ የለም። የተቆላውን ሰሊጥ በእጥፋቱ ውስጥና በኪሱ ገበር መካከል በተነው፣ በላዩም ሰፋበት፤ ጫፉን ግን የአይጥ ጥርስ በቀላሉ እንዲፈታው በላላ ክር ተወው። ጀላል መጥቶ ለክቶ አየውና «እጅህ ወርቅ ነው» ብሎት ሄደ።

«ከዚያስ?» አልኩት ወንድሜን።

«አቡጀዲን በበዓሉ ቀን በኪሴ ይዣት አዳራሹ እገባለሁ። ሱሪውን ትወጣለች፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ እጠራታለሁ።»

«ስትጠራት ቢሰሙህስ?»

«ይስሙ። እሱ አንዴ በሰው ፊት ይፈር እንጂ፣ እኔን የፈለገውን ያድርገኝ።»

«እሷንስ?»

«አብሽሪ እታለም። ጠርቻት ቀርታ አታውቅም።»

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ ጀርባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በክር የተሰካ የአይጥ ጅራት ተሰቅሏል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ መካከል ላይ የበፍታ ረጅሙ። ኑርሁሴን አየው። ሰደርያውን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ ይዞ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ።

ጀላል በአዲሱ ሱሪ ወደ መድረክ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች! ከዛሬ ጀምሮ በቀበሌያችን አንድም አይጥ እንደሌለ...» ሲል ኑርሁሴን ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መሰለ።

አቡጀዲ አፍንጫዋን አነሣች። ሰሊጡ ሸተታት። በባዶው ሲሚንቶ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች፣ የመድረኩን ደረጃ ዘለለች፣ የጀላልን እጥፋት በጥርሷ ፈትታ ገባችበት። ፊት የተቀመጡ ሴቶች መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እሱ «አይጥ የሕዝብ ጠላት ነው» እያለ ይጮሃል፣ እሷ እግሩ ሥር ትበላለች። እጥፋቱን ስትጨርስ እንደለመደችው በእግሩ ላይ ወጣችና ጭንቅላቷን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ያኔ አያት።

ከአውራጃ የመጡት ትልቁ እንግዳ ተነሥተው «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ታዲያ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ናት?» አሉ።

አዳራሹ ፈነዳ። ጀላል ዘለለ፣ ተሽከረከረ፣ ኪሱን መታ፤ እሷ የባሰ ወደ ውስጥ ገባች። በመጨረሻ ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደቀ፣ እንግዶቹ ፊት በውስጥ ሱሪው ቀረ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ያ የስንት ጊዜ ፍርሃት የተጠራቀመበት ሳቅ ነው። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እሰይ! በፍታ ትይህ፣ መርየም ትይህ፣ አልኩ በሆዴ።

አቡጀዲ ከሱሪው ወጥታ መድረኩ መካከል በኋላ እግሯ ቁጭ አለች። አልሸሸችም። ጀላል እጁን ሲዘረጋ ሰሊጥ የሚሰጣት መስሏት ጣቱን አሸተተች። ኑርሁሴን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ምላሱን ጧ ጧ አደረገ። ደገመው። ሰው ይየው አይየው ግድ አላለውም፣ አንገቱን አስግጎ ጠራት። ነገር ግን ሳቁ አዳራሹን ሞልቶታል፤ አጠገቡ ያለሁት እኔ እንኳ የሰማሁት ለጥቂት ነው። ያን ሁሉ ደክሞ ራሱ ያመጣው ሳቅ ጥሪውን ዋጠበት።

ጀላል ጫማውን አነሣ።

ሳቁ ወዲያው ቆመ። ኑርሁሴን እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ያመጣት ማን እንደሆነ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አልተነፈሰም። በማግስቱ የቀበሌው ጥበቃዎች ቤት ለቤት ሲጠይቁ እትዬ ወለተ ማርያም «ከእኔ ቤት አይደለችም፤ የእኔዎቹ ጅራት የላቸውም» ብላ መለሰቻቸው። ጀላል ግን አልቆየም። በስብሰባ በተነሣ ቁጥር ከኋላ አንዱ ምላሱን ጧ ያደርጋል፣ ሰው በሳቅ ይወድቃል። ብዙም ሳይቆይ ከሊቀመንበርነቱ አወረዱት። ደሴ አላስቀምጥ ስትለው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ሰዉ እየመጣ የወንድሜን እጅ ጨበጠ። «ደም መላሽ!» አሉት። እሱ አንድም ቀን አልሳቀም። ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ አደረጋቸው፤ የበፍታን ጅራት ከክሩ ላይ በጥሼ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሲሰፋ እየቆየ በባዶ ሰደርያው ኪስ እጁን ይከታል።

«እታለም» አለኝ አንድ ቀን፣ «ሰምታኝ ነበር ይሆን?»

«የት ትሰማለች፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ» አልኩት። ትንሽ ቀለለው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሰው ፊቴ ቆመ። ጢሙን አሳድጓል፣ ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ከስቷል። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጣይባ» ሲለኝ በድምፁ አወቅሁት። ለሐጅ ሊሄድ ተነሥቶ የበደለውን ሰው ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል አሉ። ሰላምታውን መለስኩ፤ የሰላምታ ግዴታ አለብኝ።

«አፉ በይኝ፣ ጣይባ። ኑርሁሴን አፉ ብሎኛል፤ ቤቱ ሄጄ ጉልበቱን ስሜ አፉ ብሎኛል።»

ወንድሜ እንደዚያ ነው፣ ልቡ ሰፊ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«እሱ አፉ ያለህ ስለማያውቅ ነው» አልኩት። «ሲጠራት አልሰማችም ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ሰምታለች። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፤ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከእጅህ ላይ ዞራ፣ ወደ እሱ መሄድ ጀምራ ነበር። ጫማህን ያሳረፍክባት ጀርባዋን ሰጥታህ ስትሄድ ነው።»

አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

«ሂድ፣ ሐጅህን አድርግ» አልኩት። «አፉ ግን ከእኔ የለህም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ወርዶ ነበርና መስኮቱን ዘጋሁት። ቤት ስደርስ ኑርሁሴን መኪናው ላይ ነበር። «ኮምቦልቻ ማንን አገኘሽ?» አለኝ። «ማንንም» አልኩት።