ልጄን እንዲገሥጹ የጠራኋቸው ሽማግሌዎች

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ልጄ ምሕረት፣ ወናጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር። እናቷ ብርቱካን። ጋሽ ጂግሶ፣ ዲላ የሰፈራችን እድር ዳኛ። አቶ ሽፈራው፣ ቡና ነጋዴና የእድሩ ገንዘብ ያዥ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ ያነበብኩ፣ ገበያው አጠገብ የቧንቧ ዕቃ የምሸጥ ሰው። የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የማልረሳው፣ ለልጄ ያዘጋጀሁት ተግሣጽ ለሌላ ሰው ስለደረሰ ነው።

ምሕረት ሁለተኛ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ሄዳ ልትማር ቆረጠች። መማሯን አልጠላሁም። ማኔጅመንት ብትል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን «አክቹዋሪያል ሳይንስ» አለችኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሰው በየዕድሜው የመሞት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ተሰልቶ፣ ኢንሹራንስ ስንት ማስከፈል እንዳለበት የሚታወቅበት ትምህርት ነው፣ አባባ።»

«የሰውን ዘመን የሚቆጥር እግዚአብሔር ነው። አንቺ ማን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

አልተከራከረችም። «ካልመረቅከኝ አልሄድም» አለች እንጂ። ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት አልቀረውም ነበር። እኔም አልመረቅኋትም። ብርቱካን በእነዚያ ቀናት ያነጋገረችኝ ጨው ስጠይቃት ብቻ ነው።

ነገሩን በወግ ለመጨረስ ብዬ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ጂግሶንና አቶ ሽፈራውን ቤቴ ጠራሁ። ቆጮና ክትፎ ቀረበ። ከተበላ በኋላ ጋሽ ጂግሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሞት የሚሰላ ነገር ነው እንዴ?»

«እናንተም በእድራችሁ እያሰላችሁት ነው እኮ፣ ጋሽ ጂግሶ።»

አቶ ሽፈራው ሳቁ። «በይ አሰሊልኝ እንግዲህ! መቼ ነው የምቀበረው?»

«የአንድን ሰው ማንም አያውቅም። የብዙ ሰው ግን ይገመታል። ይልቅ ልጠይቅዎት፤ በቅርቡ እድር የገባ ወጣት አለ?»

ሁለቱ ተያዩ። ወጣቱ ሐዋሳና አዲስ አበባ ነው። እዚህ የቀረውም «እኔ ገና ነኝ» ይላል።

«ከእድሩ የወጣስ?»

«ከእድር የሚወጣው በቃሬዛ ነው» አሉ ጋሽ ጂግሶ፣ እንደ ቀልድ።

ምሕረት አልሳቀችም። «እንግዲያው ከፋዩ እየቀነሰ፣ ቀብሩ እየበዛ ነው የሚሄደው። ቀድሞ የሚሞተው በደንብ ይቀበራል። መጨረሻ ለሚሞተው ግን ገንዘቡ አይደርስም።»

ለካ ሁላችንም በየልባችን መጨረሻ የምንሞተው እኛ ነን ብለን ነው የኖርነው! ጋሽ ጂግሶ ያለው ገንዘብ እስከ መቼ እንደሚያቆይ ገንዘብ ያዡን ጠየቁ። አቶ ሽፈራው በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ተዉት። ከሦስታችን በዕድሜ የሚያንሱት እሳቸው ናቸው፤ ይበልጥ የደነገጡትም እሳቸው።

«ትሂድ!» አሉ በድንገት።

«ምን ማለት ነው ትሂድ?» አልኩ።

«ትማርና ትምጣልን። እስከዚያው መዋጮ እንጨምራለን።»

ጋሽ ጂግሶ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ይዘህ ከልካይ ትሆናለህ? አታፍርም?»

በገዛ ክትፎዬ ተገሠጽኩ። ብርቱካን ጓዳ ውስጥ ስትስቅ ተሰማኝ።

ተነሥቼ መረቅኋት። ደስ ብሎኝ አልነበረም። ሽማግሌ የጠራ ሰው የሽማግሌውን ቃል መቀበል አለበት ብዬ ልጆቼን ያሳደግሁ ነኝ፤ ተራው ሲደርሰኝ መሸሽ አልቻልኩም።

ምሕረት አሁን አዲስ አበባ እየተማረች ነው። እኔ ዛሬም ዘመናችን በእግዚአብሔር እጅ ነው እላለሁ። የለቅሶው ድንኳን ግን በእኛ እጅ ነው፤ ስንፍናን እምነት ብሎ መጥራት ደግሞ ኃጢአት ነው። መዋጮው ለምን እንደጨመረ የገባቸው ሁሉም አይደሉም። እድርተኛው ጭማሪው ከማን ቤት እንደወጣ ያውቃል። «ልጅህ ትማር፣ እኛ እንክፈል!» ይሉኛል ገበያ ላይ።

እውነታቸውን ነው። ዝም ብዬ መርቄያት ቢሆን ኖሮ ወጪው የእኔና የእሷ ብቻ ነበር። ሽማግሌ በመጥራቴ ግን እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ሠላሳ ብር ተጨመረበት፤ ከእኔ ቤት ጀምሮ።