የማማ ሞዛ ቴምሮች በሆቴል ደንብ

ሥራ የፈታ ሰው ቤት እንደማይበቃው ፍሬውን ያየ ያውቃል። አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ አራት ዓመት የጥገና ኃላፊ ነበር። ኮሮና መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ መጀመሪያ «ያለ ደመወዝ ትንሽ ዕረፍ» አሉት፤ ያቺ ትንሽ ዕረፍት ስትረዝም ስትረዝም ቆይታ ስንብት ሆና አረፈችው። ደግነቱ ሚስቱ ሣሮን ነርስ ናት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ነርስ በመብራት ይፈለግ ነበር። አል አይን ከተማ ሥራ አገኘችና ልጃቸውን ዲናን ይዘው መጡ። ዛኸር ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ የተቀጠለች፣ አገሬው ሙልሃቅ የሚላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ።

ከዚያ ወዲያማ የፍሬው ኑሮ ምኑ ይወራል! ሣሮን ድርብ ፈረቃ ሠርታ፣ ማስኩ ጉንጯ ላይ ሰንበር አውጥቶባት ትገባለች። ዲና በሯን ዘግታ በኮምፒውተር ትማራለች። እሱ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ፍለጋ ቤቱን ይዞራል። የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀብቶ ጨርሷል፣ ያልተበላሸውን ፍሪጅ ሁለቴ ፈትቶ ገጥሟል። እሑድ ልጸልይ ቢል እንኳ ቤተ ክርስቲያኑ በዙም ሆኖ፣ ግማሹ ሰዓት «እባካችሁ ማይክ ዝጉ» ሲባል ያልቃል።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» ትለዋለች ሣሮን፣ ፍሪጁን ሲፈታ ስታየው እየሳቀች።

እሷ ለቀልድ ነው፤ እሱ ግን አንጀቱ ያርራል። በሚስት ደመወዝ መኖር ነውር አይደለም ብሎ ለስንቱ ጓደኛው ሰብኳል መሰላችሁ! ተራው ለራሱ ሲደርስ ግን ስብከቱ አልያዘለትም።

የቪላው ባለቤት ማማ ሞዛ ይባላሉ። ሰባውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንደበታቸው ስል፣ ልባቸው ግን ቅን የሆነ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። አራት ልጆቻቸው አቡ ዳቢ ነው የሚኖሩት። «በሽታ እናመጣብሻለን» እያሉ ከቀሩ ዓመት አልፏቸዋል። የትልቁ ልጃቸው የሱልጣን ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው ስለ ቤቱ ሲሆን ብቻ ነው። ግቢያቸውን ይጠብቅ የነበረው ሠራተኛም ለዕረፍት አገሩ እንደገባ በረራ ተዘጋበትና በዚያው ቀረ። ግቢው ወና ሆነ።

በሁለተኛው የኮሮና ዓመት መጋቢት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ማማ ሞዛ በበትራቸው የፍሬውን በር መቱ።

«ፍሬው፣ ዓርብ ሱልጣን ይመጣል» አሉት በአረብኛ። «ግቢው ቆሽሿል፣ ተከራዮቹም ቁጭ ብለው ያያሉ እያለ ነው። ውላችሁ ሲያልቅ አስወጥቶ በእናንተ ቦታ ዘበኛ ሊያስገባ አስቧል። ግቢው ጸድቶ ካየ ግን አፍ የለውም። አጽዳው።»

ፍሬው ክው አለ። ውሉ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። ቤቱ ለሣሮን ሥራ ቅርብ ነው፣ ዲናም ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀይር ነው ማለት ነው። ቢሆንም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከድንጋጤው ሥር ደስታ ቢጤ ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚያውቀውን ሥራ የሚያዘው ሰው አገኘ!

«ማማ፣ ይተዉት ለእኔ» አላቸው። «ዓርብ ግቢዎን አያውቁትም።»

ይህን ያለው አፉ ነው፤ ግቢው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በአጥሩ ሥር የአሸዋ ክምር እስከ ጉልበት ደርሷል። ውሃ የሚያንጠባጥቡት ቀጫጭን ቱቦዎች በጨው ተደፍነዋል። የኤሲው ውሃ ግድግዳውን የዝገት ቀለም አልብሶታል። የላስቲክ ወንበሮቹ በፀሐይ ከመድረቃቸው የተነሣ ሲነኳቸው እንደ ብስኩት ይፈረካከሳሉ። ሰኞን ሙሉ ሲዝቅ ዋለ። ማክሰኞ ሰናይያ ወደሚሉት የጋራዦችና የመሣሪያ ሱቆች ሰፈር ወርዶ በግፊት የሚያጥብ የውሃ ማሽን ተከራየና ንጣፉን ከዳር እስከ ዳር አጠበው። ማማ ሞዛ በመስኮት አይተው አውራ ጣታቸውን አነሡለት። ማሽኑን አጥፍቶ ወገቡን ሲያቀና፣ በስተ ደቡብ ሰማዩ ቡና ዓይነት ሆነ፤ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያ የታጠበ ንጣፍ ሁሉ አሸዋ ለበሰ።

«ምን አባቴ ላድርግ!» ብሎ መጥረጊያውን ወረወረው። «ከሰውም ከነፋስም እጣላ?»

ዲና በመስኮት ብቅ ብላ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ «ዳዲ፣ ዩ ሚስድ ኤ ስፖት» አለችው። አንድ ቦታ ረስተሃል ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን «ግቢና ተማሪ!» ብሎ ጮኸባት፣ ወዲያውም ጸጸተው።

ረቡዕ ንጣፉን እንደገና አጠበና ወደ ቴምሮቹ ዞረ።

ሰባት ናቸው፤ በአጥሩ ዙሪያ የቆሙ ያረጁ ዛፎች። ከአናታቸው ላይ የደረቀ ዝንጣፊ ተንጠልጥሏል፣ በመካከሉም ያበጠ ቡናማ ሰገባ እየሰነጠቀ ነጣ ያለ የአበባ ዘለላ እየወጣ ነው። ፍሬው ይህን ሲያይ የሆቴሉ ደንብ ትዝ አለው። ሆቴል ውስጥ ቴምር ጌጥ ነው። ፍሬ ካፈራ እንግዳ ልብስ ላይ ይወድቃል፣ ንጣፍ ያጣብቃል፣ ዝንብ ይጠራል። ስለዚህ በየዓመቱ በመጋቢት፣ አበባው ሳይከፈት፣ ሰገባው ሁሉ ከሥሩ ይቆረጣል። ፍሬው አንድ መቶ ሃያ ዛፍ በኃላፊነት ይዞ፣ በአሥራ አራት ዓመት አንዲት ፍሬ መሬት አላስነካም፤ ለዚህም ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ተቀብሏል። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እንሰት ቢሆን ከነነፍሱ ያውቀዋል። ስለ ቴምር ግን የሚያውቀው ሆቴሉ ያሳወቀውን ብቻ ነው።

መሰላል አቆመና መጋዙን ይዞ ወጣ። የቴምር እሾህ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ክንዱን ቦጫጨረው፣ አንዱም አውራ ጣቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እየረገመም እየዘመረም ሰባቱንም ጨረሰ። አንዲት ሰገባ አልቀረችም። ግንዱንም እስከ ላይ አጠበው። ማማ ሞዛ የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለተኛውን ክትባት ወስደው ትኩሳት ስለያዛቸው ተኝተው ነበር፤ አላዩም። ሐሙስ በማለዳ የቆሻሻ መኪና መጥቶ ክምሩን ጠራርጎ ሄደ። ፍሬው ወገቡን ይዞ ግቢውን አየው። ሆቴል መስሏል! ለሣሮን ሥራ ቦታዋ ድረስ ፎቶ ላከላት። እሷም የልብ ምልክት በላይ በላዩ ደርድራ መለሰችለት።

እኩለ ቀን ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። ዳውድ ነበር። ዳውድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነው፣ የዛኸርን ቴምር ሁሉ ዓመት በዓመት እየዞረ የሚያዳቅል። በትከሻው ገመድ፣ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ አበባ ይዟል።

«የማማ ሞዛን ልጨርስ መጣሁ» አለ። «የወንዴውን አበባ ይዣለሁ። በሴቴዋ አበባ ውስጥ ካልሰኩት ፍሬ የለም።» ይህን ብሎ ቀና ሲል ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ወደ አንዱ ዛፍ ሄደ፣ ወደ ሌላው ሄደ፣ ሰባቱንም ዞረ።

«ወንድሜ፣ ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፍሬው፣ ገና በኩራት። «አጽድቼው ነው።»

«አጽድተኸው?» ዳውድ ጋዜጣውን ዘረጋለት። «ወንዴው እዚህ አለ። ሴቴዋን ታዲያ የት ላምጣ?»

ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል። ፍሬው ሌላ አበባ ይወጣ እንደሆን ጠየቀ። ለከርሞ አለው ዳውድ። ክምሩን የወሰደውን መኪና ልከተል አለ። ዳውድ ራሱን ነቀነቀ፤ የተቆረጠ አበባ መልሶ አይቀጠልም።

በዚህ መካከል ማማ ሞዛ በትራቸውን ተደግፈው ወጡ። ማንም ምንም ሳይላቸው ወደ ላይ አዩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ለፍሬው በተሻለው ነበር።

«ሰባቱንም?» አሉ።

«ሰባቱንም፣ ማማ። አላወቅሁም። በሆቴል እንዲህ ነበር የምንሠራው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቴምሩ ሲደርስ ልጆቹ ሁሉ፣ የልጅ ልጆቹም ይመጡ ነበር፣ ለመልቀም። እሱ ከሞተም ወዲህ አልቀሩም። አምና በሽታው አስቀራቸው። ዘንድሮ አራቱንም በስልክ ቃል አስገባኋቸው፤ ‹ቴምሩ ሲደርስ እንመጣለን› አሉኝ። ከዚያች ከአንዷ የለቀማ ሳምንት ሌላ የሚያመጣቸው ነገር የለኝም።» ይህን ብለው ተነሥተው ገቡ።

ማታ ሣሮን ሰምታ ራሷን ያዘች። ቢሆንም ነገሩ ቤት የማጣት ጉዳይ ነውና፣ ልቧን አደነደነች።

«ነገ ለልጁ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው። «እሱ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ‹የእናቴን ቴምር ጨፈጨፈ› ብሎ ያስወጣናል።»

«እና ዝም ልበል? እውነት ነው እኮ፣ ጨፍጭፌያለሁ!»

«አንተ እውነት ተናግረህ እኔና ልጅህ ሻንጣ እንሸክም? ሰው ስንት ይችላል፣ ፍሬው? ደክሞኛል እኮ!» አለችና ዕንባዋ መጣ። እሱም ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ሲያስበው ግን በራሱ ደሙ ይፈላል። ዘጠኝ ወር ምንም ባለመሥራቱ ሲያፍር ኖሮ፣ የሠራ ቀን ይህን ሠራ!

ዓርብ ሱልጣን መጣ። ማስኩን እንዳደረገ፣ ከእናቱ ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ግቢውን በዓይኑ ዞረው። ንጣፉን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ፍሬው ዘለዓለም የሆነ ያህል ቆመ። በመጨረሻ ሱልጣን ቀና አለና ዓይኑ ቴምሮቹ ላይ ቀረ።

«አበባቸውስ? ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ» የምትለው ቃል የፍሬው ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች። ሣሮንን አሰበ፣ ሻንጣውን አሰበ። «እኔ» ሳይል ማማ ሞዛ ቀደሙት።

«እኔ ነኝ ቁረጠው ያልኩት» አሉ። «አርጅቻለሁ። ቴምር ማስለቀሙ ደከመኝ።»

ሱልጣን ማስኩን እንኳ አልፎ እስኪታይ ድረስ ፊቱ በራ። «አበጀሽ፣ እናቴ! እኛም በዚህ በሽታ ልጆች ሰብስቦ መምጣቱ ጨንቆን፣ እንዴት እንንገራት እያልን ነበር። እንግዲያው ዘንድሮም በስልክ እንገናኛለን። ለከርሞ አላህ ያውቃል።» ወደ ፍሬው ዞረ። «ጎበዝ፣ ግቢው ግቢ ሆኗል። ለሁለት ዓመት ተቀመጡ።» የውሉን ወረቀት የመኪናው ኮፈን ላይ ፈረመና ሰጠው። ማማ ሞዛ ዓይናቸውን ከበትራቸው ጫፍ አላነሡም። ፍሬውም ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ከበር ወጣ።

ከሩቅ፣ በመስኮት፣ ሣሮን ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን!» ስትል ታየችው። እሱ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ማማ ሞዛ ጠጋ አለ።

«ማማ፣ ለምን? እውነቱን ብናገር ይሻል ነበር።»

«ልጆቼ መቼም ቀሩ» አሉት። «ጎረቤት ደግሞ እንዳላጣ ብዬ ዋሸሁ። እኔስ ለዚህ ነው። አንተ ግን፣ እሱ እዚህ ቆሞ ሳለ፣ መናገር ማን ከለከለህ?»

ፍሬው በእጁ ወዳለው ወረቀት አየ። ማማ ሞዛ በትራቸውን እየመቱ ገቡና በሩን ዘጉ።