«ነገ ኑ ይላሉ»

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ከልጄ ትምህርት ቤት በስልኬ መልእክት መጣ። «ዛሬ በሁለት ተማሪዎች መካከል ያልተገባ ንግግርና ያልተገባ ባህሪ ታይቷል። ሁለቱም ይቅርታ ተጠያይቀዋል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። ያልተገባው ባህሪ ልጄ ሌላውን ልጅ መገፍተሩ እንደሆነ ከታች ተጽፏል። ያልተገባው ንግግር ግን ምን እንደሆነ የጻፈ የለም። ባይጽፉትም አውቀዋለሁ። እኔም በሱ ዕድሜ፣ እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ጠግቤዋለሁ። ደሜ ፈላ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የግድግዳውን ቀለም ልጦ የጨረሰው ሕንፃ ላይ እንኖራለን። በጋው ሲገባ ሚሽሚሽ የሚባለው ብርቱካንማ ፍሬ ገበያውን ይሞላዋል። እኛ ልጆች ፍሬውን በልተን ዘሩን እናጠራቅማለን፤ ጎጎኢም እንለዋለን። ካርቶን ይበሳና ዘሩን ከሩቅ ወርውሮ በቀዳዳው ያስገባ የሌላውን ዘር ይበላል። የቀሚሴ ኪስ ሁልጊዜ ሚሽሚሽ ሚሽሚሽ ይሸት ነበር። እጄ ደግሞ አይስትም።

አንድ ቀን የክፍሌን ልጅ ዘሩን ሙልጭ አድርጌ በላሁት። ተናደደና ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «ግማታም ኩሺ» አለኝ። ኩሺ እኛን በጥቁረታችን የሚሰድቡበት ቃል ነው። ዘር የሞላውን ከረጢቴን አንስቼ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩት። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። አስተማሪዋ ሮጣ መጣች፣ አፍንጫውን ጠረገችለት፣ ደብተሬ ላይ «ጠበኛ» ብላ ጽፋ ወደ ቤት ሰደደችኝ። ልጁ ምን እንዳለኝ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።

አባባ ግን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ደም ፈሷል» አሉ። በሳቸው አገር፣ በጎንደር ገጠር፣ ደም ያፈሰሰ ወገን ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ነገሩ ከሥሩ ይሰማል፤ ተሳዳቢም ቢሆን በተራው የእጁን ያገኛል። ስለዚህ በማግሥቱ ከሮቫ ዳሌት ሁለት ሽማግሌዎች አስመጡና ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስቀድመው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ይቅርታ ሊጠይቁ።

ዘበኛው ያየው ግን ሦስት ዱላ ነው። በሩን ቆለፈው። ርዕሰ መምህሯ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀችኝ።

«ልጄ የሰው ልጅ አድምታለችና ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተናል በያት» አሉ አባባ። «የልጁን አባት ትጥራልን። እሱም ልጁ ያላትን ቃል እዚሁ ይስማው።»

የመጀመሪያውን ተረጎምኩ። ቃሉን ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአፌ ማውጣት አፈርኩ፤ ዋጥኩት። ሴትየዋ እጇን እያወናጨፈች «እዚህ የመንደር ሕግ የለም፤ ካልሄዱ ፖሊስ እጠራለሁ፤ ንገሪያቸው» አለችኝ። ሦስቱም ያዩኛል። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

«ዛሬ ስብሰባ አለብን፣ ነገ ኑ ይላሉ» አልኩ።

በማግሥቱ መጡ። ጋቢያቸው ታጥቦ፣ በጠዋት። ከክፍላችን መስኮት ይታዩኛል፤ መንገዱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ የመጨረሻው ደወል እስኪደወል ቆሙ። ማንም አልወጣላቸውም። ልጆቹ ይስቁ ነበር። እኔም የማላውቃቸው መስዬ አንገቴን ደፋሁ። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ራሴንም ቢሆን።

ባለፈው ማክሰኞ እንግዲህ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሮቫ ዛይን ሄድኩ። አማካሪዋ የሚያምር ክፍል አሳየችኝ፤ ትራስ በክብ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ «የእርቅ ማዕዘን» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። አዲስ ዘዴ ነው አለችኝ። አዲስ! አባቴ ይዘውት መጥተው በሩ የተቆለፈባቸው ነገር እኮ ነው። ሰዳቢው ምን እንዳለ ጠየቅኳት። «መጥፎ ቃል» አለች። የትኛው ቃል? «ልጆች ናቸው፣ ባንደግመው ይሻላል።»

እየተንጨረጨርኩ አባባ ቤት ገባሁ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የልጄን ነገር ስነግራቸው የራሴም አብሮ ወጣ፤ ያኔ የዋሸኋቸውን ሁሉ ዘረገፍኩት።

«እኔማ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ሰው ሲባረር ቋንቋ ይፈልጋል እንዴ? እጇን አይቻለሁ።»

«ታዲያ በማግሥቱ ለምን መጡ?»

«ሽማግሌዎቹ አብረውን ነበሩ። ብቀር ልጄ ዋሽታለች ማለት አይደለም?» አሉ።

ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙት ለኔ ነበር።

በማግሥቱ አባባን ይዤ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ዱላቸው አሁን ለመደገፊያ ነው፤ ዘበኛው በሩን ከፍቶ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ያ አንዱ ለውጥ ነው። በትራሱ ፋንታ ወንበር አስመጣሁላቸው። ርዕሰ መምህሩ፣ አማካሪዋ፣ የሰዳቢው ልጅ አባትና ሁለቱ ልጆች ተቀምጠዋል። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያኔ በአጥሩ በኩል ያሉትን ቃል በቃል ደገሙት፤ መጀመሪያ ስለ መገፍተሩ ይቅርታ፣ ቀጥሎ የተባለው ይሰማ።

እኔም ተረጎምኩ። ያኔ የዋጥኩት፣ ልጄም የተባለው ያው ቃል ጋ ስደርስ አማካሪዋ ልታስቆመኝ እጇን አነሳች። የልጁን አባት ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ቃሉን ጮክ ብዬ አልኩት።