በእናቴ ራጅ ላይ የታየው ጥላ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ፊት መቆም እንደማልችል ታውቃላችሁ፤ ኮሌጅ እንኳ ስሜ ሲጠራ እንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ግን ጌታ ለእናቴ ያደረገውን ሳልናገር ብቀር ልቤ አይፈቅድልኝም። ስሙ ይባረክ!

አዲስ አበባ ተምሬ ወደ አሰላ ስመለስ እምነት አልነበረኝም። ጸሎት ያልተማረ ሰው መጽናኛ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የእናቴ ጉልበት አብጦ መራመድ አቃታት። በጭነት መኪና፣ በዴራ ከተማ በኩል ቆላ ወዳለው ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ የጉልበቷን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አጥንቱ የተቦረቦረበትን አሳየኝ።

"ይህ ዕጢ ባለቤት ነው ወይስ እንግዳ? ጥያቄው እሱ ነው" አለኝ። "እዚሁ አጥንት ውስጥ የበቀለ ከሆነ ጠርገን እናወጣዋለን። ከሌላ አካል የተሰደደ ካንሰር ከሆነ ግን ኦፕራሲዮን አያድናትም። ደረቷን ልይ።"

በደረቷ ራጅ ላይም ክብ ጥላ ታየ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንግዳ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥኩ። "ጌታ ሆይ፣ እኔ አላውቅህም። እናቴን ግን አንተ ታውቃታለህ። በእጅህ ናት፤ እኔም በእጅህ ነኝ" አልኩ። ወገኖቼ፣ ልቤ ዐረፈ! ሃሌሉያ!

ስገባ እናቴ ዓይኔን አየችው።

"ኢንተሎ፣ ልጄ፣ አለቀስሽ?"

"ጸለይኩ እማዬ።"

"አንቺ?" ብላ ሳቀች። "እንግዲያ መሞቴ ነዋ!"

ከዚያ "አንቺ ከጸለይሽማ እኔ ይሄን ለምን አንጠልጥዬ እዞራለሁ?" ብላ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰድዳ አንድ ነገር ፈትታ ሰጠችኝ። በቆዳ የተሰፋ ክብ ክታብ ነበር! ጎረቤት ለጉልበቷ ያሰረችላት ነው። ራጅ ስትነሣ ሐኪሙ እንዳያይባት ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ አዙራ በውስጥ ልብሷ ሸፍናው ነበር።

ጥላው ይሄ ይሆን እንዴ ብዬ ይዤው ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ አየውና፣ "እማማ ካንሰሩን አንገታቸው ላይ አስረው ኖሯል የመጡት!" አለ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ እንደገና ራጅ አነሣት። ደረቷ ንጹሕ ነበር። ጌታ ይመስገን! ከጉልበቷ የተወሰደው ቁራጭም ተመርምሮ፣ ዕጢው እዚያው አጥንት ውስጥ የበቀለ፣ ክፉ ያልሆነ መሆኑ ታወቀ። ጠርገው አወጡት፤ ቦታውንም ከዳሌዋ በወሰዱት አጥንት ሞሉት።

ወንድሞቼ፣ ጌታ ከሳንባዋ ዕጢ ነቀለ አልልም፤ አልነበረማ። ክታቡን በገዛ እጇ እንድትፈታው ያደረጋት ግን እርሱ ነው።

እነሆ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ትንሽ ታነክሳለች፤ ዳገቱን ግን በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው። ጥላ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ለጌታ ግን የሸፈናችሁትን ሁሉ ፍቱለት። እመኑት፤ አያሳፍራችሁም።

እማዬ "በቃሽ፣ ተቀመጪ" እያለችኝ ነው። ተመስገን ጌታዬ!