አፍጥጠው የማያዩዋት ኮከብ

ያ ዘመቻ ያስከፈለኝ ቀኝ ጆሮዬንና ጋልገሎን ነው። ለጆሮው እንኳ መለዋወጫ ነበረኝ፤ ጋልገሎ ግን አንድ ነበር።

ነገሌ ገበያ እኔ ጨውና ስኳር፣ እሱ ከብት እንሸጥ ነበር። የሶማሊያ ጦር ሲገባ ሚሊሺያ ሆነን አብረን ዘመትን። የሰፈርንባት ኮረብታ ውኃ የላትም። ጉድጓዱ ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ በመሃል ራሳችን የቀበርነው ፈንጂ አለ። ማለፊያው አንድ ቀጭን መስመር ነው። ቀን ከወጣን ጠላት ይመታናል። ስለዚህ ድንግዝግዝ ሲል የጉድጓዱን ግራር እያየን እንወርዳለን። ስንመለስ ከኮረብታችን አናት በላይ ያለችውን አንዲት ደብዛዛ ብርቱካንማ ኮከብ ፊት ለፊት አድርገን እንሄዳለን። ያገኛት ጋልገሎ ነው።

መጀመሪያ አልታየችኝም።

«የለችም እኮ!»

«አለች። አንተ ነጋዴ፣ ወይፈን ስትገዛ የፈለግኸውን አፍጥጠህ ታየዋለህ?»

«ዋጋ እንዲቆልሉብኝ? ጎኑ የቆመውን ነው የማየው።»

«እሷንም እንደዚያው።»

ጎኗ ያለውን ጨለማ አየሁ። አመድ እንደ ለበሰ ፍም ብቅ አለች። ቀጥ ብዬ ሳያት ጠፋች። አቧራ ይጋርዳታል፤ ጨረቃ ከወጣች ጭራሽ የለችም። ጋልገሎ የጨረቃን መውጫ እንደ አባቶቹ በቃሉ ያውቅ ስለነበር ሁሌ ቀድመናት እንገባለን።

የመጨረሻው ምሽት ስድስት ሆነን ወረድን። ጉድጓዱ ላይ ተኩስ ተከፈተብን። አንዱ ጓዳችን እዚያው ወደቀ። ጋልገሎ ሆዱን ተመታ። የእኔን ጆሮ የእጅ ቦምብ ወሰደው። ጠላትን መልሰን፣ ጀሪካኖቹንና ጋልገሎን ተሸክመን ተነሣን። ግን ዘግይተናል። ፈንጂው መሃል ሳለን ጨረቃ ወጣች። ብርሃኗ ከተኩሱ የተነሣው አቧራ ላይ ተንጣልሎ ኮረብታውንም ደበቀው። ኮከቧ ጠፋች። ቆምን።

«ታየች?» አለኝ ጋልገሎ።

«ጎኗን እያየሁ ነው።»

«አትቸኩል። የቸኮለ ገዢ ይከስራል።»

ውኃ ለመነኝ። ሆዱን ለተመታ አይሰጥም ተብለናል፤ ከንፈሩን ብቻ አረጠብኩለት። የተንተራሰው ሙሉ ጀሪካን ነበር።

ሳይነጋ ሞተ።

ሲነጋ ኮረብታችን እዚያው ፊታችን ነበረች። የዘባችን ኮፍያ እንኳ ይለያል።

ዛሬ ነገሌ መብራት በዝቷል፤ ኮከቧን ማየት የፈለገ ከከተማ ወጣ ይበል፣ ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ይምረጥ፣ ጎኗን ይይ። እኔ አሁንም አያታለሁ።

ስድስት ወረድን። አራት ተመለስን። ውኃው ደረሰ።