ከአባቴ ክንድ ያልተቀዳው ደም

እንጅባራ ለእርግዝና ምርመራ ተቀምጬ፣ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው ሽታው ወደ ልጅነቴ ዳንግላ መለሰኝ።

አባቴ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ካላዛር የሚባለው፣ ደም የሚጨርስና ሆድ የሚያሳብጥ በሽታ ይዞት የተመለሰ ጊዜ ነው። መርፌውን ጨርሶ፣ ያበጠው ሆዱ ጎድሎ፣ እኔን አስከትሎ ለቀጠሮው ጤና ጣቢያ ሄደ። የላብራቶሪው ሰውዬ ክንዱን በላስቲክ አሰረና "ጋሼ፣ በሽታው እንዳያገረሽ ደምዎ መሙላቱን እያየን መከታተል አለብን" አለው።

አባቴ ላስቲኩን ራሱ ፈታው። "ሚስቴ በበግ ሾርባ ስትመልስልኝ የከረመችውን ደም ልትቀዱት? ይሙላ እያላችሁ ታጎድሉብኛላችሁ?"

ሰውዬው ያስረዳዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ።

ጋሪው ላይ ስንወጣ አባቴ እጅጌውን እያወረደ "የእናትሽን ልፋት አተረፍኩላት" አለኝ። እኔም ያሸነፈ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የዓመቱ ሰሊጥ ሳይደርስ ሆዱ እንደገና አበጠ። በቃሬዛ ወሰዱት፤ በእግሩ አልተመለሰም።

ነርሷ ጥጥ አስያዘችኝ። "ጨረስን፣ እህቴ።"

"ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት። ምነው፣ ፈርተሽ ነበር?"

በእጇ የያዘቻት ብልቃጥ ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም። አባቴን የቀበርነው ይቺን ለምታህል ደም ነው።