የኋላው ወንበር የልጆች ነው

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የሆነ ነው። ሰው ሁሉ "እርሺው፣ አልፏል" ይለኛል። አልረሳሁትም። ይህን የምጽፈውም ተናድጄ ነው።

የምኖረው ቢቸና ነው፤ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራት ልጆቻችንና አማቴ ሰባት ነን። ለበዓል ወይም ለለቅሶ ሞጣ ስንሄድ ግማሻችን በአንዱ ሚኒባስ፣ ግማሻችን በሌላው እንበተናለን። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መናኸሪያ ውስጥ በግፊያ ሲንገላቱ ማየት ሰለቸንና አሮጌም ብትሆን ባለ ሰባት ወንበር መኪና ለመግዛት ወሰንን።

ይህን እትዬ አለምነሽ ሰሙ። ሞጣ ውስጥ የእህል ነጋዴ ናቸው። የመጨረሻዋን ልጄን ቃልኪዳንን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ስለሆኑ አበልጃችን ናቸው። "የኔ ሚኒቫን እያለች ምን ያዞራችኋል? ከባዕድ ከምትገዙ ከእኔ ውሰዱ" አሉን። በጣም ደስ አለን።

እኔ መካኒክ ይዘን እንሂድ አልኩ። ባለቤቴ ደነገጠ። አበልጅ ቤት መካኒክ ይዞ መሄድ አላምንዎትም ማለት ነው፣ ልጃችንን ቤተ ክርስቲያን ያቀፉ ሰው ናቸው አለኝ። በእኛ አገር ነውር መሆኑ እውነት ነው። በአበልጅ መካከል ደላላም ምስክርም አይገባም። ስለዚህ መካኒኩን ተውኩት። ቃልኪዳን የክርስትና እናቴን ልይ ብላ ስላለቀሰች እሷንም ይዘናት ሄድን።

መኪናዋ ታጥባ እደጅ ቆማለች። ባለቤቴ ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ተነሣችለት፤ ፊቱ በራ። እኔ ኮፈኑን ነካሁት፤ ትኩስ ነው። ሲቀዘቅዝ ለመነሣት እንደሚያስቸግር እንዳናይ ሳንደርስ ሞተሩን አሙቀውት ነበር ማለት ነው። ውስጧን ሳይ ወለሉ ላይ አዲስ ሞኬት ተለጥፏል፤ የማስቲሹ ሽታ ገና አልለቀቀም። ወንበሮቹ አርጅተው ወለሉ ብቻ አዲስ መሆኑ ከነከነኝ። የሞኬቱን ጫፍ ላነሣ ስል ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ። እትዬ አለምነሽም አይተውኛል። "ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ? እኔ ቃልኪዳንን ልጎዳት ነው?" አሉኝ። አፈርኩና እጄን ሰበሰብኩ።

እስከ ከተማው መውጫ እንሞክራት ተባለ። እትዬ አለምነሽ ከባለቤቴ ጎን ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ መሀል ገባሁ። ቃልኪዳንን አጠገቤ ላስቀምጣት ስል "ተያት፣ የኋላው ወንበር የልጆች ነው" አሉ። ልጄም እየሳቀች ወደ ኋላ አለፈች። ቀበቶ ብፈልግላት የለም።

ዳገቱ ላይ ባለቤቴ ነዳጅ ሲሰጣት መኪናዋ ወደ ፊት ተስፈነጠረች፤ ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል ልጄ የለችም። ወንበሩ ከነልጄ ወደ ኋላ ተገልብጧል፤ የሚታዩኝ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ብቻ ናቸው። ጭንቅላቷ ከኋላው በር ጋር ተላትሟል። በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ላይ ትወድቅ ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር።

"አቁም" ብዬ ጮህኩ። ልጄን አውጥቼ ጭንቅላቷን ዳሰስኩት፤ አብጧል እንጂ አልተፈነከተም። ከዚያ ማንንም ሳልጠይቅ ያን አዲስ ሞኬት ገሽልጬ ጣልኩት። ከሥሩ ቁራጭ ላሜራ ተጋድሟል። ላሜራውን ሳነሣው የመንገዱን ጠጠር አየሁ። ወለሉን ዝገት በልቶ ጨርሶታል፤ ብሎን የሚይዝበት ቦታ ስለሌለ የወንበሩን እግር በሽቦ አስረውታል። ሽቦው አዲስ ነው። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት ያሰረው ነው።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው እትዬ አለምነሽን።

"ለልጅ ይበቃል ብዬ ነው" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ልጅ ምን ክብደት አለው?"

ከዚያ በኋላ አበልጅነቱም ጨዋነቱም ጠፋኝ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። መንገደኛው ቆሞ ያየን ጀመር። ባለቤቴ ደግሞ በሰው ፊት አታዋርጂኝ ይለኛል። ልጃችን እቅፌ ውስጥ እያለቀሰች እሱ የሚያፍረው በእኔ ነው። መኪናዋን እዚያው ትተን በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ለምን መሰላችሁ? እኔ ይቅርታ እንድጠይቅ። ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ማዋረድ፣ ያውም አበልጅን፣ አይገባም አሉኝ። ስለ ሽቦው ያነሣ አንድም ሰው የለም። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ደሜ ፈላ።

"እሺ" አልኳቸው። "ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና በዚያችው መኪና፣ በዚያው በኋላው ወንበር ተቀምጠው ይምጡ። ደጄ ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሀላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኧረ ልጄ፣ እሱስ አይሆንም" አሉ። "ለሕይወታቸው ያሰጋል።"

ባለቤቴ ቀና ያለው ያን ጊዜ ነው። ተነሥቶ በሩን ከፈተና ሽማግሌዎቹን ሸኛቸው።

መኪናዋን ለግንደወይን ሰው ሸጠዋታል ይባላል፤ እዚያ ከኋላ የማን ልጅ እንደሚቀመጥ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። እኛ አሁንም በሁለት ሚኒባስ ተበትነን ነው የምንሄደው። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ቃልኪዳን አንዳንዴ የክርስትና እናቴ መቼ ነው የሚመጡት ብላ ትጠይቀኛለች። የሚቀመጡበት ወንበር እስኪሠራላቸው እየጠበቁ ነው እላታለሁ።